ልሙጡ፣ ባለኮከቡ፣ ሦስቱ ልቦች፤ ኦንላይን ላይ ባንዲራ ምን ይነግረናል?

የካቲት 23 ሲደርስ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾቻችን ቀለማቸው ይቀየራል። አንዱ ልሙጡን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፕሮፋይሉ ላይ ያደርጋል። ሌላው ባለኮከቡን ይለጥፋል። ሌላው ዘውድ የጫነውን አንበሳ ያመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ባንዲራውን ትቶ ሦስት ልቦች ደርድሮ ያልፋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ድል ነው። ኮሜንት ውስጥ ሲገባ ግን የአድዋ ወሬ ቶሎ ያልቃል። «ኮከቡን የት ጣልከው?» ይላል አንዱ። «ኮከቡን ማን አመጣው?» ይላል ሌላው። ትንሽ ወረድ ሲሉ ምኒልክም ጣይቱም የሉም። ያለው ምርመራ ነው፤ ሰውየው የማን ወገን ነው የሚል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ባንዲራ «ከየት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ኦንላይን ላይ፣ በተለይ እርስ በርሳችን ስንተያይ፣ «የማን ነህ?» ለሚለው መልስ ሆኗል። ጥያቄው ሲቀየር ያወጣው ሰው ያሰበውና ያየው ሰው የተረዳው አይገናኝም። አንዱ አገሬን እወዳለሁ ብሎ ይለጥፋል። ሌላው «አንተ እዚህ ውስጥ የለህበትም» የተባለ ይመስለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

እያንዳንዱ ባንዲራ ዘመን አለው

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ አንድ ላይ ሆነው የአገር ባንዲራ የተደረጉት በምኒልክ ጊዜ፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ማለት ነው። በንጉሡ ዘመን አንበሳው መሀሉ ላይ ነበር። ደርግ መጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ፣ ኋላም አንበሳውን ራሱን አነሳው። ከ1983 በኋላ ባንዲራው ለጥቂት ዓመታት ልሙጥ ሆኖ ቆየ። ሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ቢጫ ኮከብ በሕግ የገባው በ1988 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ስለ ዓርማው ሲናገር፣ ብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚያንጸባርቅ ነው ይላል። በ2001 የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ፣ ቁጥር 654፣ ባንዲራውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ከለከለ።

ስለዚህ ባለኮከቡን ያየ ሰው ኢሕአዴግ ትዝ ሊለው ይችላል። አንበሳውን ያየ ጃንሆይ ትዝ ይሉታል። ግን ሰው ባንዲራን የሚወደው ሁልጊዜ በመንግሥት በኩል ዞሮ አይደለም። ልሙጡን የሚወዱ እናት የሚያውቁት ከጥምቀት ይሆናል። ታቦት ሲወጣ በየመንገዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚወጠረው እሱ ነዋ። ባለኮከቡን የሚወድ ወጣት ደግሞ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ተሰልፎ ሲሰቀል ያየው እሱን ነው። ኮከቡ በገባበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ይህ የማንም ፓርቲ ባንዲራ አይደለም፤ የልጅነቱ ባንዲራ ነው። አንበሳውን ደግሞ ኪንግስተን ያለ ጃማይካዊ ቢያየው የሚያስበው ስለ እምነቱ ነው። የአዲስ አበባ ፖለቲካ ትዝም አይለው።

ይሄ ሁሉ ፕሮፋይል ፎቶ ላይ አይገባም። የሚገባው ቀለሙ ብቻ ነው። ባንዲራ የሰቀለው ጎረቤትህ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ታውቀዋለህ። ለልቅሶ መምጣቱን፣ ዕድር ላይ ምን እንደሚናገር፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ታውቃለህ። ባንዲራውን የምታየው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ኦንላይን ላይ ያለህ ግን ስምና ባንዲራ ነው። ስሙም የእውነት ላይሆን ይችላል። የቀረውን ሁሉ ከዚያች ትንሽ ምስል ለማወቅ ትሞክራለህ። ምስሏ ደግሞ ይህን ሁሉ መሸከም አትችልም።

ኪቦርዱ የወሰነልን ነገር

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ስልክ ላይ ያለችው ትንሿ የኢትዮጵያ ባንዲራ ምስል ሆና አትላክም። የሚላከው ሁለት ፊደል ነው፤ የላቲኖቹ ኢ እና ቲ፣ የአገራችን ዓለም አቀፍ መለያ። ሁለቱን ፊደላት ተቀብሎ ባንዲራ አድርጎ የሚስለው የተቀባዩ ስልክ ነው። አፕል የራሱን ይስላል፣ ጎግል የራሱን፣ ሳምሰንግ የራሱን። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባንዲራው ጭራሽ አይመጣም፤ ሁለቱ ፊደላት ብቻ ይታያሉ። አሠራሩን ያወጣው ዩኒኮድ ነው፤ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር እንዲመቹ ቁጥር የሚሰጠው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2010። ይህ መንገድ ድርጅቱን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድነዋል። የየአገሩ ባንዲራ ምን ይመስላል የሚለውን መወሰን የሱ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

መጀመሪያ ላይ ስልኮች ላይ የነበሩት የ10 አገሮች ባንዲራዎች ብቻ ናቸው፤ እነ ጃፓን፣ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ጣሊያን። የብዙዎቹ አገሮች ባንዲራ አይፎን ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ስልክ ሠሪዎቹ የሚስሉት በሕግ የታወቀውን ነው። ስለዚህ ኪቦርዱ ላይ ያለችው ባለኮከቧ ብቻ ናት። ልሙጥ የለም። አንበሳ የለም። ልሙጡን የሚፈልግ ሰው መላ ፈለገና ሦስት ልብ ደረደረ። ልቦቹ ላይ ኮከብ የለም። እንዲህ ሆኖ ሦስት ተራ የፍቅር ምልክቶች የፖለቲካ ትርጉም አገኙ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የክልል ባንዲራ ኪቦርድ ላይ የለም። ዩኒኮድ ከአገር በታች ላሉ አካባቢዎች በይፋ ያስገባው የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017። በ2022 ደግሞ ከእንግዲህ አዲስ የባንዲራ ጥያቄ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ሌላውም ወደ ልብ ሄደ። ትግራዋዮች ቀይና ቢጫ ልብ ያደርጋሉ። ኦሮሞዎች የገዳን ቀለማት፣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ይደረድራሉ። ነጯ ልብ ኪቦርዱ ላይ የመጣችው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት የገዳን ቀለም በልብ መጻፍ የሚቻል አልነበረም። ይህን ሳስብ ይደንቀኛል። አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ኮሚቴ ቀለም ሲጨምር እኛ ዘንድ አንድ ሕዝብ ራሱን የሚገልጽበት መንገድ ይከፈታል። ኮሚቴው እኛን አስቦ እንዳላደረገው እርግጥ ነው።

በዚህ መንገድ የመጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2020 ቤላሩስ ውስጥ መንግሥትን የተቃወሙ ሰዎች ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ባንዲራ ይዘው ነበር። ኪቦርዱ ላይ ያለው ግን የመንግሥቱ ነው። እነሱም ነጭ ክብ፣ ቀይ ክብ፣ ነጭ ክብ መደርደር ጀመሩ። በ2019 ደግሞ አፕል የታይዋንን ባንዲራ ከሆንግ ኮንግ ተጠቃሚዎች ኪቦርድ ላይ አነሳው። የትኛው ባንዲራ በአንድ ጣት ይገኛል፣ የትኛው መላ ይፈልጋል የሚለው ራሱ ሥልጣን ነው።

የልብ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የማሊም ነው፣ የሴኔጋልም፣ የጊኒም፣ የካሜሩንም፣ የቦሊቪያም። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቀለማቱን የወሰደችው ከእኛ ነው፤ ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከተሉ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ለውጭ ሰው ግን ሦስቱ ልቦች ኢትዮጵያን ላይነግሩት ይችላሉ። የሚነግሩት ለእኛ ነው። ለእኛም ቢሆን የሚነግሩን አገሩን ብቻ አይደለም፤ ኮከቡን መተዋቸውንም ጭምር ነው።

ወደ ውጭ ስናይ፣ ወደ ውስጥ ስናይ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2024 ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ሪከርድ ሲያሸንፍ፣ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ካገኘን 24 ዓመት ሞልቶን ነበር። የመጨረሻው ገዛኸኝ አበራ ነበር፤ ሲድኒ ላይ፣ በ2000። የዚያን ቀን ኮሜንት ሥር ልሙጡም ባለኮከቡም ልቡም ተደባልቆ ወረደ። ማንም ማንንም «የትኛውን ነው ያደረግከው?» ለማለት ጊዜ አልነበረውም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅም እንዲሁ ነው። ከግብፃውያን ጋር በኮሜንት መፋጠጥ ሲመጣ የኛ ሰው ባንዲራ አይመርጥም። ያገኘውን ይዞ ይወጣል።

ፊታችን ወደ ውስጥ ሲዞር ግን ያው ባንዲራ ይቆርጣል። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ልሙጡ በብዛት በአደባባይ ወጣ። ለዓመታት ሲፈሩት የነበረ ነገር ስለሆነ ለብዙ ሰው ነፃ የመውጣት ስሜት ነበረው። ሦስት ወር አልሞላም፣ መስከረም 2011 መግቢያ ላይ፣ ስደት ላይ የነበሩ ድርጅቶች ሲመለሱ አዲስ አበባ ውስጥ ምሰሶና የመንገድ ጠርዝ በየትኛው ቀለም ይቀባ በሚል ወጣቶች ተጋጩ። በ2015 ደግሞ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦሮሚያ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙሩ ይዘመራል በሚል ግጭት ተነሳ። የተማሪዎቹ ቪዲዮ በስልክ ተቀርጾ በሰዓታት ውስጥ አገር አዳረሰ። ግቢው ውስጥ ያልነበረ፣ ልጆቹንም የማያውቅ ሰው ቪዲዮውን ከፍቶ ባንዲራውን አየ፤ ከዚያ ፈረደ።

ጊቢው ውስጥ የነበሩት መምህራን ግን ያዩት ልጆችን ነው። ስማቸውን የሚያውቋቸውን፣ ትናንት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡትን። ቪዲዮው ይህን አያሳይም። ሁለት ባንዲራና ጩኸት ነው የሚያሳየው።

አገር መውደድና የኔ ይበልጣል ማለት

እ.ኤ.አ. በ1989 ሪክ ኮስተርማንና ሲሞር ፌሽባክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ልዩነት በመጠይቅ ለይተው አሳዩ። አገርን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ የኔ አገር ከሌላው ትበልጣለች፣ የበላይ መሆን አለባት የሚለው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ያለው ሰው ሌላው ላይኖረው ይችላል። የመጀመሪያውን አገር ወዳድነት፣ ሁለተኛውን ብሔርተኝነት እንበለው። የኋለኛው በአገር ስምም ሊመጣ ይችላል፣ በብሔር ስምም።

ታዲያ ባንዲራ ማየት የትኛውን ነው የሚቀሰቅሰው? እ.ኤ.አ. በ2008 ማርከስ ከመልማየርና ዴቪድ ዊንተር የአሜሪካ ባንዲራ ያለበት ክፍልና የሌለበት ክፍል ውስጥ ሰዎችን አስቀምጠው ጠየቁ። ባንዲራው ከፍ ያደረገው የበላይነት ስሜቱን እንጂ ፍቅሩን አልነበረም። እስራኤል ውስጥ ግን ራን ሐሲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያገኙት ሌላ ነው። ባንዲራውን ሳያስተውሉት ብልጭ አድርገው ያሳዩአቸው ሰዎች፣ ቀኝም ግራም የነበሩት፣ ወደ መሀል ተጠጉ። ቆየት ብሎ አሜሪካ ላይ ባንዲራን አንድ ጊዜ ማየት ሰውን ለወራት ወደ ቀኝ ፖለቲካ ይገፋል የሚል ውጤት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ከ6,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ያንኑ ሲደግመው ግን ውጤቱ አልመጣም።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ባንዲራ በሁሉም ቦታ በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ምትሃት አይደለም። ሰውየው ይዞት የመጣውን ስሜት፣ የቆመበትን ቦታ፣ የሰሞኑን ወሬ ይጠይቃል። ስለዚህ «ባንዲራ የለጠፈ ሁሉ ጽንፈኛ ነው» የሚለው ፍርድ መሠረት የለውም። «ያልለጠፈ አገሩን አይወድም» የሚለውም እንዲሁ።

ሶሻል ሚዲያው ግን በሁለቱ መሀል ገለልተኛ አይደለም። ሰው ሲቆጣ መልስ ይጽፋል። መልስ ሲበዛ ፖስቱ ለብዙ ሰው ይታያል። «መልካም በዓል» ያለ ባንዲራ ጥቂት ላይክ አግኝቶ ይወርዳል። «ይህን የማይለጥፍ ባንዳ ነው» ያለ ባንዲራ ግን ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ስለዚህ ለዓይናችን የሚደርሰው ባንዲራ የተመረጠ ነው። ቁጣ ያለበት ቶሎ ይደርሰናል። ከዚያ «ባንዲራ የሚለጥፉት እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው» ብለን እንደመድማለን። ዝም ብለው የሚወዱት ሰዎች ሒሳብ ውስጥ አልገቡም።

በጦርነቱ ጊዜ

ይህ ነገር ከሁሉም በላይ የጎዳን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት ነው። ስለዚህ ጊዜ መጻፍ ይከብዳል። ግን ሳይነሳ ስለ ኦንላይን ባንዲራ ማውራት አይቻልም።

ኅዳር 2014 ላይ «ኖ ሞር» የሚለው ዘመቻ ሲወጣ ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙ ከተሞች ውስጥ ዳያስፖራው ባንዲራ ይዞ ወጣ። ከሰልፉ የተነሱ ፎቶዎች የፕሮፋይል ፎቶ ሆኑ። የለጠፈውን ሰው ብትጠይቀው መልሱ ግልጽ ነው። የውጭ ጫና ይብቃ፣ አገሬ አትፍረስ። ከልቡ ነው። በዚያው ሰዓት ስልክና ባንክ ተዘግቶባት ከእናቷ ጋር ለወራት ያልተገናኘች ትግራዋይት ያንኑ ፎቶ ታያለች። የምታውቀው ሰው ነው፤ አብራው የሠራች፣ ሠርጉ ላይ የጨፈረች። ባንዲራውን ስታይ ግን የሚሰማት «እናትሽ አታሳዝነኝም» ያላት ነው። ምናልባት ፎቶውን ሲለጥፍ ስለ እናቷ አላሰበም ይሆናል። ለእሷ ግን አለማሰቡ ራሱ መልስ ነበር።

ከአፋርና ከአማራ የተፈናቀለ ቤተሰብ ያለው ሰው ደግሞ ቀይና ቢጫ ልብ ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው። ቤቱን ያቃጠሉት ይታዩታል። ልቧን የለጠፈችው ልጅ ግን እናቷ ናፍቃት ይሆናል። እንዲህ እያለ ብዙ ሰው ብዙ ጓደኛ ብሎክ አደረገ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ የተለያዩ ሰዎች አሉ፤ ፕሮፋይል ተያይተው ብቻ።

ሐምሌ 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ዩጂን በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች። ከሁለት ቀን በኋላ ጎተይቶም ገብረሥላሴ ማራቶኑን አሸነፈች። ሁለቱም የትግራይ ልጆች ናቸው፤ የለበሱት የኢትዮጵያን ማሊያ ነው። ቡድኑ በ4 ወርቅ ከዓለም ሁለተኛ ሆነ። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ባለኮከቡን ያደርጋል፣ ሌላው ቀይና ቢጫ ልብ። ሁለቱም በእነዚያ ልጆች ሩጫ የተደሰቱ ናቸው። የደስታቸው ልክ አይለያይም ብዬ አምናለሁ። ግን አንዱ የሌላውን ምልክት ሲያይ «ልጆቹን ሊወስዱብን ነው» አለ። ሯጮቹ ራሳቸው መሀል ላይ ቀሩ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል።

በሰው አገር

ስደት ላይ ያለ ሰው ባንዲራን ከሁለት በኩል ያየዋል። የራሱን ይለጥፋል፤ የሌላውን ተለጥፎ ያያል።

የዓረብ አገሩን እንይ። ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ቲክቶክ ላይ ስሟ ጎን ባንዲራ የምታደርገው ያገሯ ልጆች እንዲያገኟት ነው። ላይቭ ስትገባ «ሀበሻ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ይኖራል። ሥራ ይጠቋቆማሉ፣ መጥፎ አሠሪ ያለበትን ይነጋገራሉ፣ ሲብስ ደግሞ የታመመች ልጅ አገሯ እንድትገባ ገንዘብ ያዋጣሉ። እዚህ ባንዲራው አሁንም «ከየት ነሽ?» ለሚለው ነው የሚመልሰው። ኮከብ ኖረው አልኖረው ያን ያህል ለውጥ የለውም።

እንግሊዝ ያሉት ደግሞ ሌላውን ወገን አይተውታል። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ጊዜ ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለው የእንግሊዝ ባንዲራ በየመስኮቱ ነበር። ሰው ያነበበው ኳስ ብሎ ነው። በ2025 በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ያው ባንዲራ በርሚንግሃም አካባቢ ጀምሮ በየመብራት ምሰሶው ላይ ተሰቀለ፣ አደባባይ ላይም በቀለም ተቀባ። ዘመቻው በፌስቡክና በቲክቶክ ነው የተዛመተው። በዚያው ሰሞን ኤፒንግ በተባለች ከተማ ስደተኞች ያረፉበት ሆቴል ፊት ሰልፍ ነበር። ሰልፉ የተነሳው አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በወሲባዊ ጥቃት ተከሶ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ፍርድ ቤትም ኋላ ጥፋተኛ ብሎታል። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የተጎዱትም ፍትሕ ይገባቸዋል። ግን ከሌሊት ሥራ የሚመለስ፣ ምንም ያላጠፋ ሀበሻ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ምሰሶው ላይ ያለውን እንዴት ያንብበው? ከሰቀሉት መሀል «አገሬን ስለምወድ ነው፣ ማንንም አልጠላሁም» የሚል አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። «ሂድልኝ» ማለቱ የሆነም አለ። ባንዲራው ሁለቱን አይለይም። ሀበሻው ደግሞ ደረጃ እየወጣ አንኳኩቶ መጠየቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ለራሳችን የሚሆን ነገር አለ። በሰው ባንዲራ የተጨነቀ ሰው፣ የራሱ ባንዲራ ሌላውን ሊያስጨንቅ እንደሚችል ለመረዳት ከማንም ይቀርባል።

ባንዲራ አንድ ወገን ከያዘው በዚያው ይቀራል ማለት ግን አይደለም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ሰማያዊና ነጩ ባንዲራ ለብዙ ዓመት ወደ ቀኝ ፖለቲካው ያደላ ይመስል ነበር፤ የኢየሩሳሌም ቀን የባንዲራ ሰልፍ ትልቁ ምስሉ ነበርና። በ2023 የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚቀንሰውን ዕቅድ የተቃወሙ ሰዎች ግን ያንኑ ባንዲራ ይዘው በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ወጡ። ሌላ ምልክት አልፈለጉም። «የኛም ነው» አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባንዲራ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሲታይ የመንግሥት ደጋፊ ነው ወይስ ተቃዋሚ የሚለውን ከባንዲራው ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር። እኔ ይህን እንደ ጥሩ ነገር ነው የማየው።

ዝም ያሉት

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ግን ምንም የማይለጥፉት ናቸው። ሰው ዝም ያለው ስለማይወድ ነው የሚል ግምት ገብቶብናል። ብዙ ሰው ግን ባንዲራውን ያነሳው ሰልችቶት ነው። አንዱን ቢያደርግ አንዱ ወገን፣ ሌላውን ቢያደርግ ሌላው ወገን ይመጣበታል። ሥራ ቦታ የሚያስጠይቀው አለ፣ ቤተሰቡ የሚከፋበት አለ። ቅይጥ ቤተሰብ ያለው ደግሞ የአባቱን ወገን ሲያስደስት የእናቱን ያስከፋል። ስለዚህ የአበባ ፎቶ ያደርጋል፣ ወይም የልጁን።

እነዚህ ሰዎች ከገጹ ሲወጡ ባንዲራው በጥቂቶች እጅ ይቀራል። የሚቀሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም እርግጠኞቹ ናቸው። አዲስ የሚመጣ ወጣት ባንዲራን የሚያውቀው በእነሱ በኩል ይሆናል። ባንዲራ መያዝ ማለት ከሰው ጋር መጣላት ማለት ይመስለዋል። ያዝኩ የሚለውም፣ አልይዝም የሚለውም በዚያው ስሌት ይወስናል። አገር ወዳድነት ወደ ጠባብ ነገር የሚለወጠው አንድ ሰው አውቆ ስለለወጠው ብቻ አይደለም። ሰፋ አድርገው የሚይዙት ሰዎች ስለሄዱም ነው።

የባንዲራና የዓርማ ጉዳይ በብሔራዊ ምክክሩ ዙሪያ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ ነው። መነጋገሩ ያስፈልጋል፤ የምክክር መድረክ ከኮሜንት ሥር የተሻለ ቦታ ነው። እዚያ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ኮከቡ ለኔ ይህ ነው፣ ልሙጡ ለኔ ያ ነው» ማለት ይችላል። ግን ነገ ተነጋግረን አንድ ባንዲራ ላይ ብንስማማ እንኳ ስልካችን ላይ ወዲያው አይቀየርም። ሞሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባንዲራዋ ላይ ከላይና ከታች ቀይ መስመር ጨመረች፤ ስልክ ሠሪዎቹ ያንን የተከተሉት እየቆዩ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ጊዜ ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ ታሊባን ከገባ በ2021 ወዲህ አገር ቤት የሚሰቀለው ነጩ ባንዲራ ነው፤ ስልኮች ላይ ያለው ግን አሁንም ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴው ነው። እኛም ዘንድ እንዲሁ ይሆናል። አዲስ ስልክ ያለው ልጅ ለአክስቱ የበዓል መልእክት ሲልክ እሱ ጋ አዲሱ ይታያል፣ እሷ ጋ በአሮጌው ስልክ የድሮው ይደርሳታል። ያን ጊዜ «ምነው ይሄንን ላክህልኝ?» ከማለቷ በፊት ደውላ ብትጠይቀው፣ የላከው ሁለት ፊደል ብቻ እንደሆነ ይነግራታል።